ያልተባለችው ስንኝ

እትዬ የብርጓል በደብረ ኤልያስ ዙሪያ ሃያ ዓመት ሙሾ ያወረዱ ሴት ነበሩ። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ ጓዳ ይገባሉ። እዚያ የሟች ቤተሰብ የሚባለውንና የማይባለውን በሹክሹክታ ይነግራቸዋል። የማይባለው ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ ከድምፃቸው ይልቅ የሚፈለጉት ለዚህ ነበር።

በ1963 ዓ.ም. እንዳላማው የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቂያው ሙሾ አጠናለሁ ብሎ ቴፕ ተሸክሞ መጣ። እኔ የትምህርት ቤቱ መምህር ነበርኩና ይዤው ቤታቸው ሄድኩ። ምነው ያን ቀን እግሬን በሰበረው።

ልጁ ጎበዝ ነው፤ ይህን አልክድም። ዓመቱን ሙሉ በየለቅሶው እየተገኘ ቀዳ፣ ጻፈ፣ ቆጠረ። እትዬ የብርጓል ልጅ ትቶ ለሞተ አባት ሁሉ የሚሏት ስንኝ ነበረቻቸው፦

ሞተ ሲሉኝ መጣሁ፣ አልሄደም ከቤቱ፤
ይኸው ተረፈልን፣ በልጁ ላይ ፊቱ።

በዚያ ዓመት በአሥራ ሁለት አባቶች ለቅሶ ተባለች። በአቶ አድማሴ ለቅሶ ብቻ አልተባለችም። ለምን ብሎ ጠየቃቸው።

የተናገሩትን የሚያደንቅ ሞልቶ ነበር፤ የተዉትን ያስተዋለ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው። ደስ እንዳላቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ለዩኒቨርሲቲው አስተማሪዬ ብቻ ነው የማሳየው ብሎ በማርያም ማለላቸው። ነገሩት። የሟች ሚስት ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ጓዳ ውስጥ እጃቸውን ይዘው ለምነዋቸው ነበር፤ የበኩር ልጃቸው ሙላት የአቶ አድማሴ አልነበረም።

እንዳላማው ተመርቆ በዓመቱ ተመለሰ። በወላጆች በዓል እትዬ የብርጓልን ከፊት ወንበር አስቀምጦ፣ አስጨብጭቦላቸው፣ ጽሑፉን አነበበ። ስም አልጠራም። "የአንድ ባለ ርስት ገበሬ ለቅሶ" ነው ያለው። አዲስ አበባ ቢሆን ይበቃ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ስንኟ ለማን እንደቀረች ሁሉም ወዲያው አስታወሰ። ሙላት ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። በወሩ ወንድሞቹ የርስት ክስ መሠረቱበት፤ ፍርዱን ሳይጠብቅ አገር ጥሎ ሄደ።

በዓሉ ሲያበቃ እትዬ የብርጓል ልጁን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

"ምለህልኝ አልነበር?"

"ስም እኮ አልጠራሁም፣ እትዬ።"

ያደረገው ነገር ፈጽሞ አልገባውም። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይህ ነው።

ከዚያ ወዲያ እሳቸውን ወደ ጓዳው የሚጠራ ቤት ጠፋ። አስለቃሽ ከሌላ ደብር ይመጣ ጀመር።

በ1966 ጥቅምት ላይ ባላቸው አቶ ወልደ ሩፋኤል ሞቱ። ለቀስተኛ አልጎደለም፤ አገሩ ሁሉ ወጥቷል። እትዬ የብርጓል ተነሥተው ያችን ስንኝ አወረዱ። አንድ ልጃቸው ታረቀ አጠገባቸው ቆሟል፤ ግንባሩም አፍንጫውም ቁርጥ አባቱን ነው። ሴቶቹ ግን ስንኟን በመቀበል ፈንታ፣ ለገዛ ልጇ ራሷ ምስክር? በሚል ዓይን እርስ በርስ ተያዩ። ደግመው አወረዷት። አሁንም የተቀበላቸው የለም።

ታረቀ ቀና ብሎ እናቱን አያቸው።