የደረቁ ፏፏቴ ግዳይ

ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ገብሱ ለአጨዳ ሲደርስ፣ ማለዳ ማለዳ ውርጩ ሣሩን ሲያነጣው። ነብር በጎቻችንን ቢፈጅ የቀበሌያችን ሰው ከወረዳ አስፈቅዶ ሦስታችንን ላከን፤ እኔን፣ ሽማግሌውን ጋሽ ክፍሌን፣ የባለቤቴን ታናሽ ወንድም ሸዋንግዛውን። ሸዋንግዛውን ታውቁታላችሁ፤ መልከ መልካም፣ ተኳሽ፣ ሰው የሚወደው። ባለቤቴ እንኳ የአደን ወሬ ሲነሳ የምታወድሰው እሱን እንጂ እኔን አልነበረም። ለምን እዋሻችኋለሁ፣ እቀናበት ነበር።

ዱካውን ውርጩ ላይ አገኘነውና ከሞላሌ ከተማ በታች እስካለው ደረቅ ፏፏቴ ተከተልነው። እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ትልቅ ገደል ነው። ክረምት እንኳ ጠብታ አይወርድበትም፤ ቋጥኙ ግን ውሃ እንዳለሰለሰው ያስታውቃል። የጥንቶቹ የኖኅ ውሃ ነው ይሉ ነበር። ድንጋይ ሊያጠኑ የመጡ ሰዎች ደግሞ፣ ምድር በበረዶ ተይዛ በነበረችበት ዘመን የወረደ ጎርፍ ነው የቦረቦረው አሉን። የትኛውም ይሁን፣ ያ ውሃ ለነብር ጥሩ ቤት ሠርቶለት ሄዷል፤ የሸለቆው ግድግዳ ሙሉ ዋሻ ነው።

ከአፋፉ ሆነን ነብሩ ታች ቋጥኝ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አየነው። ምንሽሬን ሳነሳ የሸዋንግዛው ክላሽ ቀደመኝ። ነብሩ ተንከባለለና እያነከሰ ወደ ሸለቆው ገባ። ጋሽ ክፍሌም አልዘገዩ፤ «ደሙን ያፈሰሰው ሸዋንግዛው ነው። ማንም ይግደለው ማን፣ ግዳዩ የእሱ ነው» አሉ። የአገራችን ደንብ ነው፤ መጀመሪያ ያቆሰለ ባለ ግዳይ ነው፣ ባለ ግዳይም ፊት ይመራል።

ሽማግሌው ከአፋፉ ቀሩ፤ ሸዋንግዛው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ወረድን። የእኔ ሥራ ግራና ቀኙን መጠበቅ ነበር። ዓይኔ ግን ከሸዋንግዛው ጀርባ አልነቀል አለ። ሰርግ ላይ ሲፎክር፣ ሴቶቹ እልል ሲሉለት፣ ባለቤቴ ራሱን ቅቤ ስትቀባው ይታየኛል። ደሙ ከመንገዳችን ወጥቶ በግራ ወዳለው ዋሻ መታጠፉን ያወቅሁት ነብሩ ከዚያው ዘሎ ሲወጣብኝ ነው።

በርኖሴን ክንዴ ላይ ጠቅልዬው ነበርና እሱን አጎረስኩት። ጥርሱ ሱፉን አልፎ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። በጀርባዬ ወደቅሁ፤ የኋላ እግሩ ሆዴን ሲፈልግ ይሰማኛል። ሸዋንግዛው እኔን እንዳይመታ ፈርቶ «ጋሼ፣ ጋሼ» ይላል እንጂ መተኮስ አልቻለም። ምንሽሩ በመሐላችን ነበር፤ አፈሙዙን ከአገጩ ሥር አስጠግቼ በአውራ ጣቴ ምላጩን ሳብኩት። ነብሩ እላዬ ላይ እንዳለ ሞተ።

ቆዳውን ወረዳ ወሰደው፤ የቀረው የግዳዩ ስም ነው። ክንዴን አሳክሜ ስመለስ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስቦ ጠበቀን። ጋሽ ክፍሌ በደንቡ ፈረዱ፤ ግዳዩ የሸዋንግዛው ሆነ። አንጀቴ እያረረም ቢሆን ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቢያንስ ተበዳዩ እኔ ነኝ። እሱ ግን ብድግ አለና፣ «ጋሼ ባይኖር እኔን ነበር የሚበላኝ። ግዳዩን ለጋሼ ሰጥቻለሁ» አለ። አገሩ በእልልታ ቀለጠ። ለማን? ለለጋሱ ነዋ። ባለቤቴ እያለቀሰች ወንድሟን ሳመችው።

እናንተ ልጆች፣ ከምትቀኑበት ሰው ጋር ለአደን አትውጡ፤ ዓይናችሁ አውሬውን ትቶ እሱን ይጠብቃል። ይህን ተምሬያለሁ። ቁስሉም ድኗል፤ ቅናቱ ግን ይኸው አለ። ሞላሌ ገበያ ስወጣ የማያውቁኝ ሰዎች ክንዴን አይተው ማን እንደሆንኩ ይጠይቃሉ። የሚያውቁኝ ይመልሱላቸዋል፤ «ሸዋንግዛው ግዳዩን የሰጠው ሰውዬ ነው።»