ጋሼ ንጋቱ ያላዩት ክፍል ሁለት

አልገባኝም። እስካሁንም አልገባኝም።

ጋሼ ንጋቱ አርፈዋል። ይቺን ቃል ከጠዋት ጀምሮ ስንቴ እንዳነበብኳት እንጃ፤ ሆዴ ግን ገና አላመነም።

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ ንጋቱ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። በየጠዋቱ ከፒከሪንግተን ቤታቸው ይነሱና ኢስትሙር ከቤቴ በር ላይ እኔን ጭነው፣ ጋሃና አጠገብ ወደምንሠራበት የዕቃ ዌርሃውስ እንሄዳለን። አርፍደው አያውቁም። ዛሬ ሲቆዩብኝ በር ላይ እንደቆምኩ ቴክስት አደረግኩላቸው። በስልካቸው የመለሰችልኝ ልጃቸው ሶልያና ናት።

«አባዬ ዛሬ አረፈ» ይላል።

እኔ ምን ገባኝ? ከሥራ ቀሩ፣ ኦፍ ወሰዱ። ሶልያና እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ከእኔ ጋር የምታወራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንዲያውም በአማርኛ መጻፏ ደስ አለኝ። ጋሼ ደግሞ ጉንፋን ሲጥላቸው እንኳ የማይቀሩ ሰው ናቸው። «እሰይ! ይረፉ በቃ! ክፍል ሁለት ይታያል ብላለች በይልኝ» ብዬ መለስኩላት። ከሚስቅ ፊት ጋር።

ወዲያው ደወለች። አላለቀሰችም። በእንቅልፋቸው እንደሆነ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። «አረፈ» ብለሽ ጻፊ ያለቻት እናቷ ናት፤ «ሞተ» ተብሎ አይጻፍም ብላት። እንግሊዝኛው ግን ለመሳሳት አይመችም ነበር።

ከዚያ በኋላ ምሳ ዕቃዬን እንደያዝኩ እዚያው ቆምኩ። መኪናቸው ትመጣለች ብዬ አይደለም፤ እግሬ ወደ ቤት መመለሱን ስላላሰበው ነው። አሁንም ሶፋው ላይ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። እንባ የለም። ለምን እንደሌለ አላውቅም።

ስለ ክፍል ሁለት ልንገራችሁ። ሌላ የማወራው የለኝም።

ጋሼ በወጣትነታቸው ደሴ ያዩት አንድ የካውቦይ ፊልም አለ። መጨረሻው ላይ አክተሩ ቆስሎ፣ ፈረሱ አንገት ላይ ተደፍቶ ወደ ድልድይ ይገባል። አለቀ። ይሙት ይትረፍ አይታወቅም። ጋሼ ግን ያውቃሉ። «አክተር አይሞትም!» ይላሉ። እኛ አክተር የምንለው መቼም ዋናውን ጀግና ነው፤ ሌላው የቱንም ያህል ቢሠራ አክተር አይደለም።

ይቺ አባባላቸው ለሁሉም ነገር ትሠራ ነበር። በመጀመሪያ ዊንተሬ መኪናዬ በረዶ ላይ ተሽከርክራ ቦይ ውስጥ ገባች። ኮል አደረግኩላቸው። መጀመሪያ ተጎድቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልተጎዳሁም። «በይ እንግዲህ፣ አክተር አይሞትም። ሃዛርድሽን አብሪና ጠብቂኝ፣ መጣሁ።» መኪናዬ ቶታል ሆነች፣ አትጠገንም ተባለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ራይድ የሚሰጡኝ።

ፊልሙ ክፍል ሁለትና ክፍል ሦስት አለው። ጋሼ አንዱንም አላዩም። ድሮ አንድ ጓደኛቸው «ክፍል ሁለት ላይ እኮ ይሞታል» ብሏቸው ሰግተው ቀሩ። እቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ ክፍል አንድን ባየን ቁጥር፣ ሲያልቅ ቲቪው በራሱ ጊዜ ቀጣዩን ሊጀምር ይላል። ያኔ ነበር ማየት! እኚያ ረጋ ያሉ ሰው ሪሞት ፍለጋ የሶፋውን ትራስ ሁሉ ይገለብጣሉ።

«አጥፊው! ሶሊ፣ አጥፊው!»

«ዳድ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ሙቪ!»

«ላንቺ ነዋ!»

በቅርቡ ግን ማየት አማራቸው። ዕድሜ ነው መሰለኝ። ባለፈው ሳምንት መኪና ውስጥ «እስቲ አንቺ ቀድመሽ እዪልኝ» አሉኝ። «ከሞተ ግን ሞተ እንዳትይኝ። ‹አይረባም› በይኝ፣ ይገባኛል። ከተረፈ ‹ይታያል› በይኝ፣ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን።»

«ጋሼ ደግሞ፣ ለፊልምም መርዶ አለው እንዴ?» ብዬ ሳቅኩባቸው።

«ለማንም ይሁን መርዶ ወግ አለው» አሉኝ። አልሳቁም።

ትናንት ከቅዳሴ መልስ አየሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፊልሙ አይረባም። ታሪኩ መላ ቅጡ የጠፋበት ነው። ፈረሱ እንኳ ሌላ ፈረስ ነው፤ ክፍል አንድ ላይ ቡላ የነበረው ጥቁር ሆኖ መጣ። ግን አክተሩ አለ። ሸብቷል፣ ያነክሳል፣ ወፍጮ ቤት ከፍቶ ከደንበኛ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል። አልሞተም፤ እስከ መጨረሻው አልሞተም።

እና ቸገረኝ። ያየሁትን በሐቅ «አይረባም» ብል፣ ሞተ ብለው ሊያዝኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ ገና መኪና ውስጥ ሳልገባ «ይታያል!» ልላቸው፣ የፈረሱን ነገር ቅዳሜ ራሳቸው ደርሰውበት ሲናደዱ ልስቅ አስቤ ነበር። ይኸው ነው። ሌላ ዕቅድ አልነበረኝም።

ክፍል ሦስትን አላየሁትም። አላየውምም።

ለቅሶው ፒከሪንግተን ቤታቸው ነው። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ራይድ ስጡኝ። ይህን ስጽፍ ነው እኔን የሚወስደኝ ሰው እንደሌለ የታወቀኝ።

ጋሼ፣ መልእክቴ አልደረሰዎትም። ክፍል ሁለት ይታያል። እያነከሰም ቢሆን ድልድዩን ተሻግሯል።

ጠዋት ሳላውቅ የጻፍኩትን አሁን አውቄ እጽፈዋለሁ።

ይረፉ በቃ።