የጌጡ እሁድ

ጌጡ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፊቱን ሁለት ጊዜ ይታጠብ ነበር፤ አንዴ ጥጡን ለማስለቀቅ፣ አንዴ ለአለሚቱ። ስድስት ዓመት በአንድ ማሽን ላይ አብሬው ስለሠራሁ ይህን አውቃለሁ።

ፋብሪካችን ከአዋሽ ወደ ገዋኔ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የጥጥ መዳመጫ ነበር። ፍሬው የወጣለትን ጥጥ እኔና እሱ በመጭመቂያው ጠቅጥቀን፣ በሽቦ አስረን እንጥላለን። ጌጡ የመንዝ ሰው ነው፤ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲናደድ የሚያፏጭ። ሚስቱ አለሚቱ አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሻይ ትሸጣለች። የፋብሪካው ካምፕ ቤት ለወንዶች ብቻ፣ ለስምንት ሰው አንድ ክፍል ስለነበር ልትኖርበት አትችልም። ቅዳሜ ወደ አመሻሹ ጥጥ የጫነው መኪና ወደ አዋሽ ሲነሳ ጌጡ ከታሰረው ጥጥ ላይ ይወጣል፤ እሁድ ሲመሽ በባዶው መኪና ይመለሳል።

በጥጥ ወቅት ፋብሪካው አይቆምም። ስለዚህ አርብ እኔ ለጁምዓ ስቀር እሱ ይይዝልኛል፤ እሁድ እሱ ሲቀር እኔ እይዝለታለሁ። ይህን የፈቀደልን የለም፣ የከለከለንም የለም። ተቆጣጣሪው መጭመቂያው እስከሠራ ድረስ ማን እንዳሠራው አይጠይቅም ነበር።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ኅዳር የምርት ዘመቻ ታወጀና ለሁላችንም ዕረፍት ቀረ። ጌጡ ሁለት እሁድ አልሄደም። ከሁለቱ አንዱ የሽምግልና ቀጠሮው ነበር። አለሚቱ «ባል አለኝ ወይስ የሰንበት እንግዳ?» ብላ ተጣልታው፣ ሽማግሎች ሊያስታርቋቸው ተቀምጠው ጠብቀውት ቀረ። የሽማግሎቹ አለቃ፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛው አቶ ቢሰጥ፣ በጥጥ መኪናው ሾፌር በኩል ላኩበት፦ «ከሦስት ሳምንት በኋላ እሁድ እንቀመጣለን። ከዚያ ወዲያ እኛ የለንበትም።»

«አስተዳደሩ ዘንድ እሄዳለሁ» አልኩት ጌጡን። «ሕግ አለ።»

«ተው ከድሩ። ፊደል ቆጠርኩ ብለህ ነገር አትቆስቁስ።»

«ፈርተህ ነው።»

«አዎ፣ ፈርቻለሁ። አንተም ትንሽ ብትፈራ ምን አለበት!»

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የቀረውን ራሴን አስተማርኩ፤ ከሲሚንቶ ከረጢት፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከግድግዳ መፈክር። የሠራተኛ ሕጉንም ከዘመቻው በፊት ከማኅበራችን ተውሼ አንድ ወር ሙሉ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ያርፋል ይላል። አልተሳሳትኩም።

የአስተዳደር ኃላፊው ጓድ ደስታው ወጣት ነበር። አንቀጹን ቆሜ አነበብኩለት። አቋርጦኝ አልተናገረም።

«ጎበዝ» አለኝ። «ከዘመቻው በፊትስ እንዴት ነበር የምታርፉት?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ! ግን ያን ዕለት የሚያዳምጠኝ ኃላፊ አግኝቼ ነበር። «እኛ አናስቸግርም» አልኩ በኩራት። «አርብ እኔ፣ እሁድ ጌጡ። እየተለዋወጥን እንይዛለን፤ መጭመቂያው አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም።»

«በማን ፈቃድ?»

«በራሳችን።»

መጽሐፉን ከእጄ ወሰደና ከእኔ አንቀጽ ዝቅ ብሎ አነበበ። በተቻለ መጠን ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ቀን ይረፍ፤ ሥራው ካስገደደም ድርጅቱ ከእሁድ ሌላ ቀን ይወስን። እኔ የእኔን አንቀጽ ካገኘሁ በኋላ ወደ ታች አልወረድኩም ነበር።

በሳምንቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ያነበብኩትም እኔው ነኝ፤ ሰው ሁሉ «ከድሩ፣ አንብብልን» ብሎ ከቦኝ። ከመጪው ወር ጀምሮ የዕረፍት ቀን ለሁሉም ማክሰኞ ሆኗል። ጥጥ የሚያመጡት ትራክተሮች የሚጠገኑት ማክሰኞ ነው፤ ደግሞም የአርብ ነው የእሁድ ነው የሚል ክርክር ይቀራል። ቀን መለዋወጥ ክልክል ነው፤ የሠራተኛ ካርድ በር ላይ በስም ይታያል፤ ከሥራ የቀረ ሰው ምርት እንዳደናቀፈ ይቆጠራል። በዚያ ጊዜ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

ጌጡ እስከ መጨረሻው ሰማና አፏጨ።

ለአንዲት እሁድ ብቻ ፈቃድ እንዲሰጠው አብረን ለመንን። ጓድ ደስታው «ሕግ ይከበር ያላችሁት እናንተ ናችሁ» አለ። ሊቀልድብን አልነበረም፤ ከልቡ ነው። ያ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ።

«ደብዳቤ እጽፍላታለሁ» አልኩት ለጌጡ። «ዕረፍታችን ማክሰኞ ሆኗል፣ ማክሰኞ ይመጣል፣ ሽማግሎቹ ቀኑን ያዛውሩለት ብዬ።»

«ሌላ ምን ትላለህ?»

«ሌላ ምን ልበል?»

«እንጃ። ደህና ነኝ በል።»

በሕይወቴ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነበር። ሦስት ጊዜ ገልብጬ በሾፌሩ ላክሁ። መልሱን ሾፌሩ ይዞልን የመጣው በቃል ነው። ደብዳቤውን ሻይ ከሚጠጡት አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብላት ቤቱ በሳቅ ሞላ አለን። አለሚቱ ግን አልሳቀችም። «ፋብሪካ ማክሰኞ ሲያርፍ የት ታይቷል? መዋሸቱስ ይሁን፣ ውሸቱን እንኳ በሰው እጅ ያስጽፋል?» ብላለች። አቶ ቢሰጥም ማክሰኞ ሐዲድ ላይ ነኝ፣ የተቀጠረው እሁድ ነው ብለዋል።

እሁዱ ከመጀመሪያው የማክሰኞ ዕረፍት ቀድሞ ደረሰ። አብረን ቆመን ጥጥ ስንጠቀጥቅ ዋልን። እኩለ ቀን ላይ ሽቦውን ለቀቀና ወደ መንገዱ አየ።

«ሽማግሎቹ አሁን ተነስተው ሄዱ» አለ።

እኔም ባለፈው አርብ በጁምዓ ሰዓት እዚያው ቆሜ ሽቦ ስጠመዝዝ ነበር። ይህን ልነግረው ፈለግሁና ተውኩት።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ከአሰብ የሚመጣ ከባድ መኪና ለምኖ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ሻይ ቤቱን ሌላ ሴት ይዛዋለች። አለሚቱ ሰኞ በባቡር ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ አገሯ ልትሄድ ተሳፍራለች። ብርጭቆዎቹን ሸጣ፣ የእሱን ጋቢ አጣጥፋ አቶ ቢሰጥ ዘንድ ትታለታለች።

«ምን አሉህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሽማግሌ ሁለት ጊዜ የናቀ ሰው ብለውኛል።»

«ማስታወቂያውን አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው። ያነበበልህ ያው ደብዳቤውን የጻፈው ጓደኛህ አይደለም? አሉኝ።»

መጋቢት ላይ የጥጡ ለቀማ አለቀ፣ ትራክተሮቹም ቆሙ፤ የቀረን የተከማቸውን መዳመጥ ብቻ ነበር። ሌላ ማስታወቂያ ወጣ፤ ዕረፍት ወደ እሁድ ተመልሷል፣ ጥበቃና መጭመቂያ ላይ ያሉ ግን ተቆጣጣሪው እያወቀ መለዋወጥ ይችላሉ። አሁንም እኔው አነበብኩ።

«በል፣ አርብህን ውሰድ» አለኝ ጌጡ። «እኔ እይዝልሃለሁ።»

«እሁድ ደግሞ እኔ እይዝልሃለሁ።»

«እሁድም እኔ እገባለሁ።»

«እንዴት? ዕረፍትህ እኮ ነው! ሕጉ...»

ተናግሬ ሳልጨርስ አየኝ።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ጥጥ የጫነው መኪና በመጭመቂያው በር ሲያልፍ ሾፌሩ እንደ ልማዱ ፍጥነቱን ቀንሶ ጥሩምባውን ነፋ። ጌጡ ቀና አላለም። ፊቱ ላይ ያለው ጥጥ እንዳለ ነበር።