የጎደለው ሠላሳ አምስት ቮልት

ጋሽ ባንተአምላክን ያወቅኋቸው የማትሞቅ ስቶቭ ተሸክሜ ሄጄ ነው። ከዚህ በፊት ሰው የሚያነበው ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ከተሳሳትኩ ይቅር በሉኝ።

ሐምሌ ነበር። እናቴ ሸጊቱ ወገቧን ታማ ከተኛች አምስተኛ ወሯ ነው፤ ያለ ሰው አትገላበጥም። የደብረ ታቦር ብርድ ደግሞ ለጤነኛም አይመችም። ስቶቫችን ለብ ትላለች እንጂ አትግልም። ጎረቤቴ ማሬ "ሽቦውን አስቆርጪው፣ ሲያጥር ይፋጃል" አለችኝ። መናኸሪያው ጀርባ ወዳለችው የጋሽ ባንተአምላክ የቆርቆሮ ሱቅ ስቶቯን ወሰድኳት።

"ጋሼ፣ ይችን ሽቦ ያሳጥሩልኝ።"

"ማን አዘዘልሽ?"

"ማሬ።"

"ማሬ ሐኪም ናት? ሽቦ ማለት እምቢ ባይ ነው፣ ልጄ። ሲያጥር እምቢታው ያንሳል። እምቢ የማይል ደግሞ ሁሉ ይጫንበታል።"

ስቶቯን በቴስተር ለኳት። እምቢታዋ አርባ አምስት ኦም ነው፣ ደህና ናት አሉኝ። "ቤት ውስጥ ማን አለ?" ሲሉ የእናቴን ነገር ነገርኳቸው። ቴስተሩን ኮታቸው ኪስ ከተቱና ተከተሉኝ።

ስቶቯ እየሠራች ቆጣሪው ላይ ለኩ፤ ሁለት መቶ አሥራ አምስት ቮልት። እናቴ አልጋ ሥር ያለው ሶኬት ላይ ለኩ፤ መቶ ሰማንያ። የሚያልፈው ኮረንቲ አራት አምፔር። ከዚያ ካርቶን ላይ በከሰል ጻፉ።

"መቶ ሰማንያ በአራት ሲበዛ ሰባት መቶ ሃያ ዋት። ስቶቭሽ ሺህ ማግኘት ነበረባት። መንገድ ላይ ሠላሳ አምስት ቮልት ጎድሏል። የት ገባ?"

"ሌባ ይኖራላ" አልኩ።

"ሌባ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሠላሳ አምስትን በአራት አብዢው።"

ትምህርት ያቋረጥኩት ስምንተኛ ክፍል ነው። በጣቴ ቆጥሬ "መቶ አርባ" አልኩ።

"መቶ አርባ ዋት እዚህ ቤት ውስጥ፣ የማናየው ቦታ፣ ይነዳል።"

ያኔ እናቴ ከተኛችበት "ግድግዳው ነው" አለች። "ያሞቀኛል ስላት የምቃዥ ይመስላታል።"

እውነቷን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትል ሰንብታለች። እኔ በሽታው ነው ብዬ "እሺ እማ" እያልኩ ብርድ ልብስ እደርብላት ነበር።

ጋሽ ባንተአምላክ "ይቅርታ እማማ፣ ጀርባዎን ከዚያ እናንሳ" ብለው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ፊታቸው ተለወጠ። ሮጠው ቆጣሪውን አጠፉ። አልጋውን አብረን ሳብን። ምርጉን ሲፍቁት ሁለት ሽቦ እንደ ነገሩ ተጠማዞ በፌስታል ተጠቅልሏል። ፌስታሉ ቀልጧል፤ ዙሪያው ያለው ጭድ ጠቁሯል።

"የስቶቭሽን ሽቦ ግማሽ ባደርገው ኖሮ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "እዚህ ያለው ሙቀት ሦስት እጥፍ ይሆን ነበር።"

እናቴ ጭዱን እያየች "እኔስ ተመችቶኝ ነበር" አለች።

በማግስቱ አዲስ ሽቦ ዘረጉልን። ሶኬቱ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቮልት ሲያዩ መጀመሪያ ግድግዳውን ነው የነኩት።

ሌላ ቀን "ጋሼ፣ ለምን ሁልጊዜ እየጻፉ ያሰላሉ?" አልኳቸው። ድሮ ገሳይ ከተማ ሲሠሩ ሳያሰሉ ያሳጠሩት ሽቦ እንደነበር ነገሩኝ። የተቃጠለው ቤት የእህታቸው የእቴነሽ ነበር።

እናቴ ጥቅምት ላይ አረፈች፤ በአልጋዋ፣ እጇን ይዣት።

ጋሽ ባንተአምላክ ዘንድሮ ሰው ቀርቶባቸዋል። ሁሉም ሳይለካ ቶሎ ወደሚቆርጥለት ይሄዳል። እባካችሁ ደብረ ታቦር ከመጣችሁ መናኸሪያው ጀርባ ጎራ በሉ። በራቸው ላይ በከሰል የተጻፈበት ካርቶን ተሰቅሏል። ግን ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ታሞ የተኛ ሰው ካላችሁ ምን እንደሚል ጠይቁት። እሳቸው አሁን መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ እሱ ነው።