የእንዶድ እጣቢ

የጎረቤቴ የእንዶድ እጣቢ ሸተተኝና ልጅነቴ፣ አሰበ ተፈሪ ያለው ግቢያችን ትዝ አለኝ።

አጎቴ ከአዋሽ በጣሳ ያመጣልኝን ትንሽ ዓሣ ሳፋ ውስጥ አኖር ነበር። አንድ ቀን እናቴ ዓሣውን አውጥታ በሳፋው ነጠላዋን በእንዶድ አጠበች፤ ከዚያም ሳፋውን ሳታለቀልቅ ውሃ ሞልታ ዓሣውን መለሰችው። ወዲያው በጎኑ ተንጋለለ።

«ሞቷል፤ አውጥተሽ ጣይው» አለችኝ።

«አልጥልም! ይተነፍሳል!»

ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ በአጥር በኩል ጮኸች። «ወይ ጉድ! እኛ አገር፣ መቻራ፣ ወንዝ ውስጥ ዓሣ የምንገድለው በእንዶድ ነው። ቶሎ ውሃውን ቀይሪለት!»

ስደፋና ስሞላ ዋልኩ። ማታ ዓሣዬ ቀና ብሎ ዋኘ።

«ለእናትሽ ያልታዘዝሽ ለባል እንዴት ልትገዢ ነው?» አለች እናቴ። ያኔ አልገባኝም።

አሁን ጎረቤቴ እጣቢውን ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ውስጥ ልትደፋ ስትነሳ መንገዷ ላይ ቆምኩ።

«አይደፋም!» አልኳት። «ዞር በይ!» አለችኝ።

ለባል ያልተገዛሁ ለጎረቤት ልገዛ ነው?