የእትዬ ባይነሽ አምስት አንጓ

እትዬ ባይነሽ ከአማኑኤል ወደ መርካቶ የሚመጡት በእግራቸው ነው። በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ታክሲ ሰልፍ ላይ ከሚገተሩ ተሸካሚ ገፍቶ ቢጥላቸው ይመርጣሉ። የሚሄዱበት ስቱዲዮ ከዱባይ ተራ ጀርባ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው ሊፍት አለው። ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ግን «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ ሲያረጅ ይቀየራል፣ ሊፍቱ አይቀየርም።

ስቱዲዮ ይባል እንጂ የጫማ መጋዘን ነበር። የመርካቶን ጩኸት ለማስቀረት ግድግዳው በስፖንጅ ፍራሽ ተሸፍኗል፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። መርካቶ ደግሞ በፍራሽ የሚታፈን ገበያ አይደለም። ከብርድ ልብሱ በላይ በቀይ ቀለም «ዕውቀት ለሁሉም፣ በነጻ» ተብሎ ተጽፏል። ድሮ እንዲህ ያለ መፈክር የሚጽፍ ሰው ቢያንስ ለመታሰር ይዘጋጅ ነበር፤ የዛሬዎቹ የሚዘጋጁት ለላይክ ነው። ይሁን፣ ዕውቀትን ከሚሸጡት ይሻላሉ። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለውን ሒሳብ በቪዲዮ እያዘጋጁ ኢንተርኔት ላይ ያለ አንዳች ክፍያ ይለቁታል። አለቃው ቅዱስ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ራሱ ይቀርጻል፣ ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ይቀጥላል። ሥዕሉንና ቁጥሩን ኮምፒዩተር ይሠራል። ድምፁ የእትዬ ባይነሽ ነው።

ያ ድምፅ ታሪክ አለው። ከአርባ ዓመት በፊት እትዬ ባይነሽ የሬዲዮ ትምህርት አንባቢ ነበሩ። በየገጠሩ ሰባ ልጅ አንድ ሬዲዮ ከቦ ይቀመጣል። የሬዲዮው ባትሪ ድንጋይ ሲደክም አስተማሪው ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ደመና ከሆነ በዚያ ቀን ሒሳብ የለም። ሥራውን ያስተማሯቸው ጋሼ ገብረ ማርያም የሚባሉ ኮስታራ አዘጋጅ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሏቸው፦

«ጠይቂ፣ ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ያንቺ አይደለም፣ የልጆቹ ነው። ከነጠቅሻቸው ሌባ ነሽ።»

እናም ባይነሽ ጠይቀው ዝም ይላሉ። ማይክሮፎኑ እንዳይሰማቸው፣ በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ ቀስ እያሉ እየነኩ አምስት ይቆጥራሉ። አምስተኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ «ጎበዝ» ይሉና መልሱን ይናገራሉ። ማን ጎበዝ እንደሆነ አያውቁም። የአንድም ልጅ መልስ ሰምተው አያውቁም። ሬዲዮ እንደ መንግሥት ነው፤ ይናገራል እንጂ አይሰማም።

በዚያች አምስት አንጓ ውስጥ ግን ከወለጋ እስከ ጋሞ የሚንጫጫው ልጅ ሁሉ ይታያቸው ነበር፤ አቧራው፣ የተቀደደው ደብተር፣ ጣቷን አውጥታ «እኔ፣ እኔ» የምትለው የኋላ ወንበር ልጅ። ባይነሽ ባል አግብተው ፈትተዋል፣ ሁለት ልጅ ድረዋል። እንደዚያች አምስት አንጓ ሰው ሞልቶ የጠበቃቸው ቤት ግን እስከ ዛሬ አላጋጠማቸውም።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ያለቀ ዕለት ቅዱስ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸውና አሳያቸው። የገዛ ድምፃቸው፣ «አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ይሆናል? ጎበዝ፤ አምስት ስድስተኛ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ አለፈ።

«ዝምታዬስ?» አሉ።

«ቆረጥኩት፣ እትዬ።»

«ምን አድርጎህ?»

«ሰው ዝም ስንለው ይወጣል። ቶሎ ካልተናገርን ዳንስ ሊያይ ይሄዳል። ይኸው ይዩት።» የሌላ ዝግ ያለ ትምህርት ተመልካች ብዛት የሚያሳይ፣ ቁልቁል የሚወርድ መሥመር ስልኩ ላይ አሳያቸው። «ይህ ተመልካች የሚሸሽበት ቦታ ነው።»

እትዬ ባይነሽ መነጽራቸውን አስተካክለው መሥመሩን መረመሩት። «እኔ ደግሞ የሚያስብበት ቦታ መስሎኝ» አሉ።

ቅዱስ ሳቀ። ክፉ ልጅ አይደለም። በችኩል ዘመን ስለተወለደ መቸኮሉን ራሱም አያውቀውም። «እትዬ፣ ድምፅዎን እወደዋለሁ። ዝምታው ግን ይቅርብን።»

«እንግዲያው ዝም የማይል ፈልግ። መርካቶ ሞልቶልሃል። እታች ‹ሁለቱን በመቶ› እያለ ካልሲ የሚሸጠው ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ትንፋሽ አልወሰደም።»

«እስከ ቅዳሜ ያስቡበት። እምቢ ካሉ ኮምፒዩተሩ ራሱ ማንበብ ይችላል፤ እሱ አያኮርፍም።»

ቪዲዮው እንደተቆረጠ ተለቀቀ፤ ያን ሳምንት እትዬ ባይነሽን እንቅልፍ ነሳቸው። ከዚህ ፎቅ ከወረዱ የሚጠራቸው ሌላ ስቱዲዮ እንደሌለ ያውቃሉ። ዝምታውን ጥለው ቢቀሩ ደግሞ ምን ይዘው እንደሚቀሩ አያውቁም። ቅዳሜ ጠዋት አራቱን ፎቅ የወጡት አልችልም ሊሉ ነው። ከማይክሮፎኑ ኋላ ተቀምጠው ይህንኑ ሊናገሩ ሲሉ የበሩ ብርድ ልብስ ተገለጠና ሀምዲያ ገባች።

ሀምዲያ በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። አርባን አልፋለች። ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ለንግድ አዲስ አበባ ስትመጣ የቀረባትን ትምህርት፣ አሁን ከባልዲ ክምር መሃል ተቀምጣ በስልኳ እያሳደደችው ነው።

«ያቺ ሴትዮ የታለች?» አለች።

«የቷ?» አለ ቅዱስ።

«የስልኳ፣ ጠያቂዋ። ትጠይቀኛለች፣ አፌን ስከፍት ራሷ ትመልሰዋለች። ካወቀችው እኔን ምን አስጠየቃት? ጎረቤት ሁሉ ሳቀብኝ እኮ። እኔ ደንበኛ ጠርቼ ባልዲውን ራሴ ብገዛው አንተ ምን ትለኛለህ?»

«ቪዲዮውን አቁመሽ ማሰብ ትችያለሽ።»

«በየትኛው እጄ? ባልዲ እያሰርኩ ነው የምማረው።»

እትዬ ባይነሽ ከማይክሮፎኑ ኋላ ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ሀምዲያ ድምፁን አወቀችው። ሻሿን አስተካከለች። «ይቅርታ፣ እትዬ። ወጣት መስለውኝ ነው። መቼም የሚቸኩል ወጣት ነው።»

እትዬ ባይነሽ ዞረው ቅዱስን አዩት። የሰፊው ሕዝብ ሂስ ሲባል የኖረው ነገር አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ፣ እያለከለከ በር ላይ ሲቆም ማየት በዚህ አገር ብርቅ ነው። ቅዱስም ግለ ሂሱን በአንድ ቃል ጨረሰ።

«እመልሰዋለሁ» አለ። ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። «ስንት ሴኮንድ ላድርገው?»

«አምስት አንጓ።»

«በሴኮንድ፣ እትዬ።»

«እጄን እየው» አሉት። እሱም አውራ ጣታቸውን እያየ፣ አንጓ በአንጓ፣ የቆረጠውን ዝምታ መልሶ ሰፋው።

ወር ካለፈ በኋላ እትዬ ባይነሽ ሥራ ጨርሰው ሲወርዱ፣ ከሀምዲያ ሱቅ የገዛ ድምፃቸው ተቀበላቸው። ከባልዲው ክምር ጀርባ ቆሙ። ሀምዲያ ጀርባዋን ሰጥታ ገመድ ትቋጥራለች። ጎረቤቷ ካሳ፣ ጫማ ነጋዴው፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያያታል።

«አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ይሆናል?» አለ ስልኩ። ዝምታው መጣ። ተሸካሚዎች «ዞር በሉ» እያሉ አለፉበት።

«ሁለት አምስተኛ» አለች ሀምዲያ፣ ተራው እስኪሰማ።

«ጎበዝ» አላት ስልኩ። «አምስት ስድስተኛ።»

ካሳ ሳቁን ለቀቀው። «በርቺ፣ ጎበዝ ብላሻለች እኮ።»

«ስላልሰማችኝ ነው» አለች ሀምዲያ።

እትዬ ባይነሽ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አርባ ዓመት ሙሉ ያላዩት የዝምታው ወዲያኛው ማዶ ይኸው ነበር። ስንቱን ሁለት አምስተኛ ጎበዝ ብለው አሳድገው ይሆን? ለካ አገሩ እንዲህ የሆነው በእኔ ነው ብለው በሆዳቸው ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቀረረ።

ሀምዲያ ቪዲዮውን በአውራ ጣቷ ወደኋላ ጎተተችው። ያ ሬዲዮ ይህን አያውቅም ነበር፤ ያመለጠ ጥያቄ አምልጦ ነው የሚቀረው። «ድገሚልኝ እስቲ» አለችው ስልኩን። ድምፁ ደገመላት።

አሁን አልቸኮለችም። ፊቷ ያለውን የኩባያ ደርዘን አተኩራ አየችው። «ግማሹ ስድስት» አለች በሹክሹክታ፣ «ሲሶው አራት…»

እትዬ ባይነሽ ሳይታወቃቸው አውራ ጣታቸው መቁጠር ጀምሯል። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። ሀምዲያ ገና ኩባያዎቹ ላይ ናት። እትዬ ባይነሽ አምስተኛውን አንጓ እንዳያመልጥ ጨብጠው ያዙት፤ የተቀረጸ ድምፅ ግን በእጅ አይያዝም፤ ሊናገር ነው።

ሀምዲያ ገመዱን ጣለችና ስልኩን ነካ አድርጋ አቆመችው።

«ቆዪማ፣ አልጨረስኩም» አለች።

እትዬ ባይነሽ አምስተኛውን አንጓ እንደጨበጡ፣ ከባልዲው ጀርባ ቆመው ጠበቋት።