በራሪውን የሚነቅፈው ሰውዬ

ዙህራ ናዝሬት ሲኒማ ቤት በር ላይ ለውዝ ስትሸጥ ስሙን ጠይቃው አታውቅም። ቅንድቡ ላይ የወፍጮ ዱቄት የማይጠፋ፣ በዚያ ሐሩር ካኪ ካፖርት የሚደርብ ሰውዬ ነው። የሚበረው ጀግና ፊልም ከመጣ ወዲህ አንድም ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም፤ ሲወጣ ግን ፊቱ ከሰው ተጣልቶ የመጣ ይመስላል።

«ዛሬስ ምን አጠፋብዎ ጋሼ?» አለችው ለውዙን በወረቀት እየጠቀለለች።

«እዚህ ተራራ ያነሳል። በቀበሌያችን ቴሌቪዥን ደግሞ ያው እሱ ራሱ አንዲት አጥር ዘሎ ያለከልካል! ሰውዬው አንድ ከሆነ ጉልበቱም አንድ ይሁን እንጂ! ደሞስ ሙታንታውን ከሱሪው በላይ የለበሰን ሰው የትኛው ወንበዴ ይፈራዋል?»

በር ላይ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬውን ሳቁ አበረታውና ካፖርቱን እንደ ክንፍ ዘርግቶ በራሪ እንዴት ማረፍ እንዳለበት ዘሎ አሳየ። ዱቄቱ ቦነነ።

ሰዉ ሲበታተን ዙህራ፣ «ካልወደዱት ታዲያ ለምን ይመላለሳሉ?» አለችው።

«የሰው ጩኸት ከሰማይ ሆኖ ይሰማና ይመጣል። እሷን ቦታ ለማየት ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በስድሳ ዘጠኝ ታናሽ ወንድሜን ከደጃፌ ሲወስዱት ስሜን ጠርቶ ጮኾ ነበር። በሩ ተቆልፏል። የቆለፍኩት እኔ ነኝ።»

ዙህራ የሰማ ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ ተነስታ በርጩማዋን ለቀቀችለት።